የእትዬ ሸዋረጋ አየር

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ የማይቸኩል ሰው አይጠፋም። ጎረቤት ቤት ቢቃጠል የጀመረውን ሻይ ጨርሶ የሚነሳ፣ አለቃ ሲቆጣበት በሐዘኔታ የሚያየው ዓይነት ሰው። ጎንደር፣ አራዳ በነበረው የመሥሪያ ቤታችን ጋራዥ ይህን ታላቅ ማዕረግ የያዙት እትዬ ሸዋረጋ ነበሩ።

እትዬ ሸዋረጋ የቁስቋም መሪጌታ ልጅ ናቸው። ውጭ አገር ተልከው ተምረው ሲመለሱ፣ ሐይቅ ውስጥ የሚጠልቁ ሠራተኞች ጀርባቸው ላይ የሚያዝሉትን የአየር ሲሊንደር እንዲሞሉ ተመደቡ። አየሩ ከትልቅ ማጠራቀሚያ በቀጭን ቱቦ ይቀዳል። ሌላ ሰው ቢሆን መክፈቻውን ወለል አድርጎ በአፍታ ይገላገላል። እሳቸው ግን በጭላንጭል ይከፍቱና እጃቸውን ትኩሳት የያዘው ልጅ ግንባር ላይ እንደሚያደርጉ ሁሉ ሲሊንደሩ ላይ ያሳርፋሉ። ሞቅ ካለ ይዘጋሉ። እስኪበርድ ይጠብቃሉ። እንደገና ይከፍታሉ።

«ምነው እትዬ፣ በዚህ አያያዝ ሐይቁ ደርቆ ይጠብቀናል እኮ» ይላቸው ነበር ጠላቂው ዋኘው። ስሙን ያወጡለት አያቱ ሐይቅ አይተው የማያውቁ ደገኛ ናቸው፤ እሱ ግን ስሙን አላሳፈረውም።

«በደቂቃ ሠላሳ ባር ግፊት ይበቃዋል» ይላሉ የግፊት መለኪያውን መርፌ እያዩ። «ከዚያ በላይ የሚጣደፍ አየር ብረቱን ያግለዋል። የጋለ ብረት ደግሞ ይዋሻል።»

ብረት እንዴት እንደሚዋሽ ዋኘው አልገባውም፤ ለመጠየቅም ትዕግሥት አልነበረውም።

በደርግ የምርት ዘመቻ ዓመታት፣ አንድ ግንቦት፣ ጎርጎራ የጀልባ ማረፊያው አፍ ላይ አንዲት አሮጌ ጀልባ ሰጠመች። ዘር የጫነችው ሌላዋ ጀልባ የምትጠጋበት ቦታ አጣች። ከቆላ ድባ እስከ ሐይቁ ዳር ያለው ገበሬ ዝናቡ ጀምሮበት ዘር ይጠብቃል። ዋኘው ጠልቆ የሰጠመችው ላይ የብረት ገመድ እንዲያስር፣ ከዚያ ትራክተር ጎትቶ እንዲያወጣት ተወሰነ።

የዘር ዘመቻው ኃላፊ ጓድ ዳኛው ጋራዡ ድረስ መጡ። ሁለት ሲሊንደር ይፈለጋል፤ የሞላው አንዱ ብቻ ነው።

«ሁለተኛው መቼ ይደርሳል?»

«ሲሞላ» አሉ እትዬ ሸዋረጋ፣ ቀና ሳይሉ።

«ጓድ ሸዋረጋ፣ ይኼ የኢኮኖሚ አሻጥር ተብሎ ሊጻፍ ይችላል።»

በዚያን ጊዜ ይህ ቃል ሰውን ከቤቱ አስወጥቶ የሚያስቀር ቃል ነበር።

«ይጻፉት ጓድ» አሉ እትዬ ሸዋረጋ። «እርስዎ ጽፈው እስኪጨርሱ ይበርዳል።»

መክፈቻውን ዘግተው ጎማ ቀለበት ሊያመጡ ወደ ዕቃ ክፍል ገቡ። ጓድ ዳኛው ይህን ጊዜ ነው ጠጋ ብለው መክፈቻውን እስከ መጨረሻው ያዞሩት። ቱቦው ጮኸ፤ መርፌዋ ሙሉ ወደሚለው ሁለት መቶ ተስፈንጥራ ቆመች። «ይኸው፤ ሥራው ይኼን ያህል ነው» አሉ እጃቸውን እያራገፉ። ዋኘው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ብሎት ነበር።

እትዬ ሸዋረጋ ተመልሰው ሲሊንደሩን ነኩትና እጃቸውን ሰበሰቡ። ሁለቱንም ሲሊንደር መኪና ላይ አስጭነው ራሳቸውም ወጥተው መሃላቸው ተቀመጡ።

ጎርጎራ ሲደርሱ ብረቱ በርዷል። መለኪያውን ገጠሙና ጓድ ዳኛውን ጠሩ። መርፌዋ መቶ ሰባን አላለፈችም።

«ሠላሳው የት ገባ?» አሉ ጓድ ዳኛው።

«ሙቀት ነበር፤ አየር መስሎዎት ነው።»

ዋኘው፣ «ሥራው አጭር ነው፣ በዚህኛው ልውረድ» አለ። እትዬ ሸዋረጋ በዝግታ የሞላውን አንሥተው ጀርባው ላይ አሰሩለት።

ታች ውሃው ድፍርስ ነው፤ የራስን እጅ እንኳ አያሳይም። እየዳሰሰ ገመዱን አሰረ። ዞር ሲል የተጣለ የዓሣ መረብ እግሩን ያዘው። ቢላዋውን አውጥቶ መቁረጥ ጀመረ፤ አንዱን ሲበጥስ ሌላው ይጠመጠማል። ትንፋሹ መክበድ ጀመረ። የብረቱ ውሸት ያን ጊዜ ገባው፤ መሬት ላይ የጠፋው ሠላሳ እዚህ ቢጠፋ ምን ይሆን እንደነበር አወቀ። ጥርሱን ነክሶ፣ ሳይጣደፍ፣ ክሩን አንድ በአንድ ቆረጠ። የመጨረሻው ሲለቀው ሲሊንደሩ ውስጥ ለመውጫ የሚሆን ያህል ብቻ ቀርቶት ነበር።

ብቅ ሲል እትዬ ሸዋረጋን ዳር ላይ እጃቸውን አጣምረው ያገኛቸዋል ብሎ ነበር። እሳቸው ግን ከነነጠላቸው፣ ከነጫማቸው፣ እስከ ደረታቸው ሐይቁ ውስጥ ቆመዋል። ጓድ ዳኛው ከኋላ የነጠላቸውን ጫፍ ይዘው ይጎትታሉ።

«ሮጠው ገቡ» አሉ ጓድ ዳኛው፣ የሚያዩትን ያላመኑ መስለው። «የትንፋሽህ አረፋ ቀነሰ ብለው፣ ሮጠው።»

«እትዬ፣ ዋና ይችላሉ እንዴ?» አላቸው ዋኘው።

«አልችልም» አሉ።

ክንዳቸውን ደግፎ አወጣቸው። ትራክተሩ ሲያጓራ፣ ገመዱ ሲወጠር፣ ሰው ሁሉ ወደ ጀልባዋ ዞረ። ዋኘው ግን አንድ እግራቸው ባዶ መሆኑን አየ። ሲሊንደሩን ፈትቶ እግራቸው ሥር አስቀመጠና፣ የእትዬ ሸዋረጋን ጫማ ከጭቃው ሊፈልግ በራሱ ትንፋሽ ተመልሶ ጠለቀ።