በሩን የዘጋው ፓቲዮ

ቪዲዮ አይቶ ሁሉን ነገር ራሱ የሚሠራ ጎረቤት አላችሁ? እንግዲያው እግዜር ያጽናችሁ! የእኔው ጋሼ ታደሰ ይባላሉ፤ እዚሁ ካልጋሪ፣ ሳድል ሪጅ ሰፈር አጥር ለአጥር ነን።

አምና ሰመር ላይ ጓሯቸው ውስጥ የኮንክሪት ፓቲዮ፣ ያው ደጅ መቀመጫ ወለል ሊሠሩ ተነሡ።

"ጋሼ፣ የካልጋሪ አፈር ሸክላ ነው፤ ውሃ ይይዝና ዊንተር ላይ ሲበርድ ያብጣል። መጀመሪያ ቆፍረው ጠጠር ያልብሱት" አልኳቸው።

"ልጄ፣ ቪዲዮውን ደጋግሜ አይቼዋለሁ" አሉኝ።

ቪዲዮው የተቀረጸው ውርጭ በማያውቀው ፍሎሪዳ መሆኑን ማን ደፍሮ ይንገራቸው? ኮንክሪቱን ሣሩ ላይ ደፉና ከጓሮ በሩ ሥር እኩል አድርገው አለሰለሱት። እውነት ለመናገር ያምር ነበር።

ዊንተር መጣና አፈሩ ከሥር አብጦ ሲገፋው ፓቲዮው እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። ጋሼ ግን ለፋሲካ ሊያስመርቁት ጠሩን። በጎን አጥር ገብተን ፓቲዮው ላይ ተሰብስበን ሳለ፣ ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ የዶሮ ወጡን ድስት ይዘው ወደ ውጭ የሚከፈተውን በር ቢገፉት፣ ወደ ላይ የተነሣው ኮንክሪት ከሥሩ ይዞት አልነቃነቅ አለ። እሳቸው ከውስጥ ሲገፉ እኛ ከውጭ ጎተትን። ወይ ፍንክች!

"በፊት በር ይዙሩ" ብንል ጋሼ ሽንፈት መሰላቸውና እምቢ አሉ። ስለዚህ ሳህናችንን ይዘን በኩሽናው መስኮት ሥር ተሰለፍን፤ እትዬ አልማዝም በጭልፋ ያወጡልን ጀመር።

ጋሼ ፓቲዮውን በእግራቸው ደለቁት። "አያችሁ ጥንካሬውን? አንድ ስንጥቅ የለውም!"

"እንግዲያው እዚያው ላይ እደር!" አሉ እትዬ አልማዝ፤ መስኮቱንም ጥርቅም አድርገው ዘጉት።

ተራው የእኔ ነበር።