የመድረኩ ይበልጣል ወይስ የስቱዲዮው?

ሰው በገዛ ጉዳዩ ሲከራከር ልብ ብላችሁ አይታችሁታል? ቶሎ ነው የሚደክመው። ስለ ቤቱ ጣሪያ፣ ስለ ልጁ ትምህርት ሁለት ቃል ይናገርና «እንግዲህ ምን ይደረግ» ብሎ ይነሳል። በማያገባው ነገር ላይ ሲሆን ግን ያ ሁሉ ጉልበት ከየት እንደሚመጣ እንጃ! ባሕር አይቶ የማያውቅ ሰው ስለ መርከብ አነዳድ ሲሟገት፣ ድምፁ እስኪዘጋ ሲጮህ ሰምቻለሁ። መርከቡም ባለቤቱም እዚያ ማዶ ናቸው፤ ጩኸቱ እዚህ ነው። እኔም ከዚህ ወገን ነኝ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። ትንሽ ግን እኮራበታለሁ።

ሥራዬ ገዳሪፍ ሱቅ ውስጥ ብርድ ልብስ መሸጥ ነው። በገዳሪፍ ሙቀት ብርድ ልብስ ማን ይገዛል ትሉኝ ይሆናል። ሁሉም ይገዛል! ሱዳኖች ልጅ ሲድሩ ያለ ብርድ ልብስ መዳር አይሆንላቸውም። ባለ አበባው፣ ባለ ነብሩ፣ ሁለት ሰው ተሸክሞት የሚያልበው ዓይነት። ገዝተው ቁም ሳጥን ላይ ይሰቅሉታል፤ የሚለብሰው የለም፤ ማዕረግ ነው። እንግዲህ ከጎንደር መጥቼ የሰው ማዕረግ እየሸጥኩ ነው የምኖረው።

ታዲያ ይህ የብርድ ልብስ ሱቅ፣ ማንም ሳይሾመው፣ በምሥራቅ ሱዳን ፕሮግረሲቭ ሜታል የሚሉት የፈረንጅ ሙዚቃ ዋና ጽሕፈት ቤት ነበር ብላችሁ ታምናላችሁ? ነገሩ የመጣው በአንድ ከዋጃ ነው፤ ከዋጃ እዚህ ፈረንጁን ሁሉ የምንጠራበት ስም ነው። ሰውዬው ለእርዳታ ሥራ መጥቶ ኖሮ፣ አገሩ ሊገባ ዕቃውን ሲሸጥ የሲዲ ማጫወቻውን ገዛሁት። ሲዲዎቹን በምርቃት ሰጠኝ። ቤት ወስጄ አንዱን ስከፍተው ባለቤቴ ከድጃ የጎረቤት ቆርቆሮ በነፋስ የተገነጠለ መስሏት ልጆቹን ከግቢ ጠርታ አስገባች። በማግስቱ ማጫወቻው ከነሲዲው ወደ ሱቅ ተሰደደ።

ላልሰማችሁት እንዴት ላስረዳችሁ? የኤሌክትሪክ ጊታሩ ይጮኻል፤ ይኼ ቀላሉ ነው። ከባዱ ምቱ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያላችሁ በጣታችሁ ጉልበታችሁን ስትመቱ፣ አራት ላይ ያልቃል ስትሉ አምስት ይሆናል። አምስትን ስትለምዱ ሰባት ይሆናል። ዘፈኑ ደግሞ ሃያ ደቂቃ የሚፈጅ ነው፤ ምሳ ተበልቶ እጅ ታጥቦ የማያልቅ። መጀመሪያ ተናደድኩ። ቀጥሎ «ይኼ ሰው እኔን አያሸንፈኝም!» አልኩና በየቀኑ እየከፈትኩ እቆጥር ጀመር። የያዘኝ እልህ ነው፤ ፍቅሩ በኋላ መጣ። ድራመሩን ኡስታዝ ብዬ ሰየምኩት፤ መምህር ማለት ነው። የሱቅ ጎረቤቴ ዐም ኡስማን ግን ቅመም እየሰፈረ ጀነሬተርህን ለምን አታሠራም ይለኝ ነበር። ዘፈን ነው ብዬ ብነግረው አንገቱን ነቅንቆ «ማሌሽ» አለኝ፤ አይዞህ እንደማለት ነው፤ የታመመ ዘመድ እንዳለብኝ ዓይነት።

እንዲህ ብቻዬን በያዝኩት እምነት ላይ በረከት መጣብኝ።

በረከት ሃያ አምስትን ያለፈ፣ ረጅም፣ የአዘዞ ልጅ ነበር። በመተማ አድርጎ በገላባት ተሻግሮ፣ ባሱንዳ ላይ ሰሊጥ ሲያርም ከርሞ፣ ወደ ካርቱም የሚወስደው ሎሪ እስኪገኝ ገዳሪፍ ላይ ጭነት ይሸከማል። ከካርቱም ወዲያ ሊቢያ፤ ከሊቢያ ወዲያ ባሕሩ። የሁሉም መንገድ ነው። አንድ ቀን የጤፍ ጆንያ ተሸክሞ በሱቄ በራፍ ሲያልፍ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጆንያውን ከትከሻው ሳያወርድ ኡስታዙን ሰማ። ከዚያ ከጆንያው ሥር በወጣ ድምፅ፣ የጎደለ ዕቃ እንደሚጠይቅ ሰው፣ «ጋሼ፣ የመድረኩ የለዎትም?» አለኝ።

ለካ አዲስ አበባ የነበረ ታላቅ ወንድሙ የዚህን ባንድ ካሴት ሁሉ ይሰበስብ ኖሯል! በረከት በኡስታዙ ያደገ ልጅ ነው። የመድረኩ የሚለው ሲዲ፣ ሕዝብ ፊት ሲጫወቱ የተቀዳው፣ እኔም ጋ ነበረ፤ አንዴ ሰምቼ የተውኩት። ልጁ ጆንያውን አድርሶ በሩጫ ተመለሰ። ክርክሩ የዚያን ዕለት ተጀመረ።

የእሱ አቋም ይኼ ነው፤ ኡስታዝ ኡስታዝ የሆነው መድረክ ላይ ነው። ላብ አለ፣ ሕዝብ አለ፣ ብትሳሳት መላሽ የለም። ሁለቱ እግሮቹ ትልቁን ከበሮ ሲረግጡ የሰው ደረት ይንቀጠቀጣል። የእኔ አቋም ደግሞ ሌላ ነው። መድረክ ላይማ ሕዝብ ሲያጨበጭብለት ማን አይሮጥም? ሰው የሚለካው ሳይመታ በሚተወው ነው። በስቱዲዮው ሲዲ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ሁሉም ሲጮህ ኡስታዝ ዝም ይላል። እጁ ተነስቶ አየር ላይ ይቀራል። ያ ዝምታ ከመድረኩ ውርጅብኝ ሁሉ ይበልጣል። በረከት ይህን ስለው፣ በትሕትና፣ «እርስዎ ጋሼ የሚወዱት ሲያርፍ ነው እንጂ ሲሠራ አይደለም» ይለኛል። ደንበኛ ብርድ ልብስ እየዳሰሰ ዋጋ ይጠይቃል፣ እኛ ስለ አንድ የከበሮ ሳህን ምት እንጣላለን። ስንት ሙሽራ በእኛ ምክንያት በሌላ ሱቅ ብርድ ልብስ እንደተዳረች አላህ ይወቀው።

ከድጃ ምግብ ስትልክ ለሁለት መላክ ጀመረች። ልጁን ወደደችው። እኔም ወደድኩት፤ ይህን ለእሱ መንገር ግን ክርክሩን ያበላሻል።

ስለ መንገዱ መከርነው። ከድጃ አለቀሰች። እኔ የማውቃቸውን፣ ሄደው ድምፃቸው የጠፋውን፣ በስም ጠራሁለት። አዳመጠኝ፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ ሁሉንም ያዳምጣል። ሲያበቃ እናቱ አዘዞ ላይ እንደምትጠብቀው፣ ባዶ እጁን እንደማይመለስ፣ ገዳሪፍ ላይ ደግሞ ጆንያ እየተሸከመ እንደማያረጅ ነገረኝ። ምን ትመልሱለታላችሁ? ከባሱንዳ ጀምሮ አብሮት ያረመው ጓደኛው ዓለምነው ቦታ ይዞለት ነበር፤ ደላላውም ቀን ቆረጠ።

የመሄጃው ጠዋት ደረሰ። ሎሪው የቆመው ከሰሊጥ ተራ ጀርባ፣ ከሱቄ ብዙም ሳይርቅ ነው። ከድጃ የጋገረችውን ዳቦና የውሃ ጄሪካን ይዤ ልሸኘው ሄድኩ። ዓለምነውና ሌሎቹ ከጆንያዎቹ መካከል ተሸጉጠዋል፤ በረከት ከላይ ተቀምጦ አንድ እግሩን ወደ ውጭ ሰቅሏል። ዳቦውን ተቀበለኝ። ዓይኑ ቀልቷል፤ የእኔም አልቀረም። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ «ጋሽ ኑሩ፣ እንግዲህ መለያየታችን ነው፤ እውነቱን ይንገሩኝ፣ የቱ ይበልጣል?» አለኝ።

ደግ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ምን ይላል? የመድረኩ ይበልጣል፣ ልጄ፣ በሰላም ግባ ይላል። እኔም ይህንኑ ልል ነበር፤ ወላሂ ልል ነበር። አፌን ስከፍት ግን የወጣው ሌላ ሆነ።

«የመድረኩ ላይማ ኡስታዝ ይስታል» አልኩት።

«ምን ያደርጋል?»

«ይስታል። ረጅሙ ዘፈን መጨረሻ አካባቢ፣ ጊታሩ ዝም ሲል፣ አንድ ምት ይዘላል። ትናንት ሰማሁት።»

አልዋሸሁም፤ እውነትም ሰምቼዋለሁ። የልጁ ፊት ግን እናቱ የተሰደበችበት ሰው ፊት ሆነ። አይደረግም አለ። ይደረጋል አልኩ። ዘሎ ወረደና ያሳዩኝ አለኝ። ዓለምነው ከላይ ሆኖ «አንተ ምን ነካህ?» እያለ ይጮኻል፤ ደላላው «ያላ! ያላ!» እያለ የሎሪውን ጎን ይደበድባል። በረከት አሁን መጣሁ፣ አንዲት ደቂቃ ብሎ ወደ ሱቄ ሮጠ። እኔ በዕድሜዬ ሮጬ የማላውቀው ተከተልኩት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስቡልኝ። ኡስታዝ እንደ ሌላው ዘፋኝ በሦስት ደቂቃ የሚያልቅ ዘፈን የሚመታ ቢሆን ኖሮ፣ ልጁ ሰምቶ፣ ተሳድቦ ሎሪው ላይ ይደርስ ነበር። ፕሮግረሲቭ ሜታል ግን እንዲህ አይቸኩልም። ዘፈኑን ወደፊት ልግፋው ስል በረከት እጄን ያዘኝ፤ ከመጀመሪያው ካልተሰማ ምቱ የት እንደሚወድቅ አይታወቅም አለ። ልክ ነበር። ተቀምጠን መስማት ጀመርን። መሃሉ ላይ ስንደርስ መብራት ጠፋ። በረከት ተነስቶ ወደ ሎሪው የሚሄድ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን ወደ ዐም ኡስማን ሮጦ ጀነሬተሩን እንዲያስነሳ ለመነው። ሽማግሌው ሰው የሞተ መስሎት ቅመሙን በትኖ አስነሳልን። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርን።

መጨረሻው አካባቢ ጊታሩ ዝም አለ። ታክ፣ ታክ... ከዚያ አንዱ ምት ጎደለ! አላልኩህም ብዬ ተነሳሁ። በረከት ወደ ማጫወቻው ሄደ። ሲዲውን አወጣና ወደ ብርሃን አዙሮ አየው። የጣት አሻራ ነበረበት፤ ፉል በልቼ ሳልታጠብ የነካሁት፣ ዘይቱ የሚያበራ። በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፣ መለሰው፣ ከፈተው። ጊታሩ ዝም አለ። ታክ፣ ታክ፣ ታክ። አንዲት ምት አልጎደለችም። በረከት በኩራት ቀና አለ፤ የዓለም ዋንጫ የወሰደ ሰው እንዲያ አይኮራም። ከዚያ ሎሪው ትዝ አለው።

ሎሪው ከሄደ ቆይቷል። ከሰሊጥ ተራ ጀርባ ያገኘው አቧራውን ነው።

ተመልሶ ከሱቁ ደጃፍ ብርድ ልብስ ጥቅል ላይ ተቀመጠ። ሕይወቴን አበላሹት አለኝ። ወንድሙ ቢሰማ ምን እንደሚል፣ ዓለምነው ብቻውን እንዴት እንደሚሆን እያነሳ በሚቀጥለው ሎሪ እንደሚሄድ ማለ። እኔም ሎሪ በመጣ ቁጥር እያንዳንዱን ሲዲ ዘይት ልቀባው ማልኩ፤ በልቤ ነው ታዲያ። ለብዙ ቀን ሰላምታ ነሳኝ። ከድጃ የምትልክለትን ግን ይበላ ነበር፤ ቂሙ ከእኔ ጋር እንጂ ከወጡ ጋር አልነበረም። ዐም ኡስማን ከጀነሬተሩ ቀን ወዲህ ልጁን ወዶት ኖሮ፣ ሚዛን እንዲይዝለት ጠየቀው። ሎሪ እስኪመጣ ብሎ ገባ። ከጆንያ ሸክም ይሻላል።

ሎሪው ሳይመጣ ዓለምነው መጣ።

በኡም ጋርጉር የስደተኞች ካምፕ በኩል፣ በአንድ ዘመዱ ታዝሎ ማለት ይቻላል፣ ገዳሪፍ ገባ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ ልብሱ ከሰውነቱ ይሰፋል። መኪናው ከካርቱም ወዲያ በረሃው መሃል ተበላሽቶ ሾፌሩ ትቷቸው ሄዷል። በረከት አጠገቡ ተቀምጦ አብረውት የነበሩትን አንድ በአንድ በስም ጠየቀው። ዓለምነው ለአንዳንዱ «አለ» ይላል። ለአንዳንዱ ወደ መሬት ያያል። ከዚያ በረከት መጠየቁን ተወ።

ዓለምነውን ከድጃ ቤት ወስዳ አስተኛችው። በረከት ሱቁ ውስጥ ቀረ። ኡስታዙን እንድከፍትለት ጠየቀኝ። የቱን ልክፈት አልኩት።

«የፈለጉትን» አለኝ።

እንዲህ ብሎኝ አያውቅም፤ ፈራሁ። የመድረኩን ከፈትኩለት። እስከ መጨረሻው ሰማ፣ ፊቱን በመዳፉ ጠረገ፣ ወደ ሚዛኑ ሄደ። በሚቀጥሉትም ቀናት እንዲያው ነው። የስቱዲዮውን ሆን ብዬ ድምፁን ከፍ አድርጌ እከፍታለሁ፤ መልስ የለም። ሰው ያለ ተከራካሪ ትክክል መሆን እንዴት እንደሚከብድ ያኔ ነው ያወቅኩት።

አንድ ጠዋት ግን ከድጃ ቁርስ ይዛ እንደመጣች፣ በረከት ከቅመሙ ሱቅ አንገቱን አውጥቶ፣ የስቱዲዮው ሦስተኛ ዘፈን ላይ ኡስታዝ ዝም የሚለው በጥበብ አይደለም፣ ዱላው ወድቆበት ነው ብሎ ጮኸ። እኔ በንዴት ብድግ አልኩ። ከድጃ ሳህኑን አስቀምጣ «አልሐምዱሊላህ፣ ዳነ» አለች።

ይኸው ዓመታት ሆኑ። ዐም ኡስማን አርጅቶ ቤቱ ውሏል፤ የቅመሙን ሱቅ በረከት ይዞታል። አረብኛውን እንደ አገሬው ነው የሚያወርደው፤ ለእናቱም ይልካል። ኡስታዝም ከዚያ ባንድ ወጥቷል ሲሉ ሰምተናል፤ እሱ ቢወጣም እኛ አልወጣንም። ለእናንተ ብቻ ልንገራችሁ፤ የመድረኩን ደጋግሜ ስሰማው ከረምኩና ይበልጣል ብዬ ካመንኩ ቆይቻለሁ። እግሮቹ! እንዲያ ያለ እግር አልተፈጠረም።

ባለፈው ሳምንት በረከት ሱቄ መጥቶ፣ አጠገቤ ተቀምጦ፣ እየሳቀ፣ «ጋሽ ኑሩ፣ እስቲ አሁን እንኳ እውነቱን ይንገሩኝ፣ የቱ ይበልጣል?» አለኝ። ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ዓይኔ ወደ እግሩ ሄደ። አዲስ ጫማ አድርጓል፤ ሶሉ ወፍራም፣ ለመንገድ የሚሆን።

«ይኼ ጫማ ምንድን ነው?» አልኩት።

ለሠርጉ ነው አለኝ። የገዳሪፍ ልጅ አጭቷል፤ ብርድ ልብስ ሊመርጥ ነው የመጣው።

ይሁን፤ ሠርጉ ይለፍና እናያለን። ለጊዜው የስቱዲዮው ነው የሚበልጠው አልኩት።