የማያንገጫግጨው መንገድ

የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ መንገድን በዶማና በአካፋ ሲጠግን ኖሯል። መንገድ በመቀመጫም እንደሚጠገን የደረሱበት ግን የአንዲት ከተማ የመንገድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ናቸው። እሳቸውም ቢሆኑ የደረሱበት መሥሪያ ቤቱ ጥቁሯን የስፖርት አውቶሞቢል ከገዛላቸው በኋላ ነው።

መኪናዋ የምትሄድ ሶፋ ናት በሏት። ኃላፊው በዋናው መንገድ በተመላለሱባት ቁጥር ጉድጓዶቹ አንድ በአንድ ጠፉ። አንድ ቀን ብርጭቆ ሙሉ ውሃ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ሄዱ፤ ጠብ አላለም። ሱሪያቸው ደረቅ ሆኖ በመገኘቱም ታስቦ የነበረው ጥገና እንዲሰረዝ ወሰኑ።

ይህ ጥበብ ያልገባቸው አንዲት እንቁላል ሻጭ ቢሯቸው ድረስ መጡ።

«ጌታዬ፣ ገበያ ሳልደርስ ግማሹ ይሰበርብኛል። ልጆቼን የማሳድገው በዚሁ ነው፤ እንዲህ ከቀጠለ ማለቄ ነው።»

«በምን ነው የሚጭኑት?»

«በፈረስ ጋሪ።»

«አዩ! በጋሪ እየሄዱ መንገዱን ያማሉ። ይምጡ እናቴ፣ በወጉ እንመርምረው።»

ሴትዮዋን ከነእንቁላላቸው ከኋላ ወንበር አስቀምጠው መንገዱን ከዳር እስከ ዳር በሾፌራቸው አስነዱ። መኪናዋ እሹሩሩ እያለች አለፈችው። አንድም እንቁላል አልተሰነጠቀም።

«ታዲያስ?»

«ወንበሩስ ይመቻል፣ ጌታዬ። ጉድጓዱ ግን ከሥር ነበር።»

«ያላንገጫገጨ ጉድጓድ እንዴት አለ ይባላል?»

በማግስቱ ኃላፊው ሠራተኛውን ሰብስበው ታሪካዊ ንግግር አደረጉ። «አባቶቻችን ‹ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል› ብለዋል። በእግሩ ለሚሄድ እንቁላል እኛ መንገድ የምንጠግነው ለምንድን ነው?» አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ጭብጨባው ገና ከጆሯቸው አልወጣም ነበር። እጃቸውን ሰደው «ስፖርት» የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ።

«ኧረ ጌታዬ፣ እሱ ሲበራ ትደነድናለች፤ ዝቅም ትላለች» አለ ሾፌሩ።

«ጉድጓድ በሌለበት አገር ምን ያስፈራሃል? ንዳው!»

ውሳኔው ያልደረሰው አንድ ጉድጓድ ግን እዚያው ቦታው ላይ ነበር። መኪናዋ በሆዷ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ዘይቷም ፈሰሰ።

ሾፌሩ መኪናዋን ሲጠብቅ እንቁላል ሻጯ በጋሪያቸው ደረሱ።

«እናቴ፣ እባክዎ ያድርሱኝ» አሉ ኃላፊው።

«እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብለው የለ?» አሉ ንግግሩን ከሰው የሰሙት ሴትዮዋ። ሆኖም አንጀታቸው አልቻለም፤ ቦታ ስለጠበበ እንቁላሉን አስታቅፈው ጫኗቸው።

ጋሪው ገና ከመነሳቱ ኃላፊው ሽቅብ ዘለሉ። እቤታቸው ሲደርሱ አስኳል ከከረባታቸው ይንጠባጠባል፤ ወገባቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

«ገባኝ፣ እናቴ» አሉ እያቃሰቱ። «ዛሬ ገና በደንብ ገባኝ።»

ሴትዮዋ ያን ሁሉ እንቁላል ከስረው እንኳ ደስ ብሏቸው አደሩ። መንገዱ ሊሠራ ነው ብለው ለጎረቤት ሁሉ አወሩ።

ጠዋት በጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ ተገኘ፦

«ኃላፊው በአካል ተገኝተው ባደረጉት ጥናት መንገዱ እንከን እንደሌለበት በድጋሚ ተረጋግጧል። የእንቁላሉ ቅርፊት ግን እጅግ ስስ ሆኖ በመገኘቱ፣ የከተማዋ ዶሮዎች በሙሉ ከሰኞ ጀምሮ የጥራት ማሻሻያ ሥልጠና ይወስዳሉ። መኪናችን ጥገና ላይ ስለሆነች ዶሮዎቹ በእግራቸው እንዲመጡ እናሳስባለን።»