የትኛዋ ዶራ?

በየቤተሰቡ ከሕያዋን ይልቅ ከሙታን ጋር የሚግባባ አንድ ሰው አይጠፋም። የእህቱን ልጆች ስም ያምታታል፤ ቅድመ አያቱ በስንት ቀን ክርስትና እንደተነሱ ግን ከእንቅልፉ ብትቀሰቅሱትም ይነግራችኋል። ዊስኮንሲን ውስጥ፣ ከጀርመን ተሰደው የመጡ አያቶቻችን ባቀኗት ትንሽ ከተማችን፣ ይህን ማዕረግ የያዙት ጋሼ ኦርቪል ክሉስማን ናቸው። በወተት ፋብሪካ አርባ ዓመት የወተት ቅባት ሲለኩ ኖረው ጡረታ ወጡ። እኔ በልቤ ሊቀ ሙታን እላቸዋለሁ።

ሊቀ ሙታን ከብብታቸው ወፍራም ዶሴ አይለይም። ከሩቅ ያያቸው ሰው መንገድ ይሻገራል። ባለ ሥጋ ቤቱ ግን መሸሻ የለውም። አንድ ቀን ቋሊማ እየመዘነ፣ "ቅድመ አያቴ ዮሃን እኮ የመስፍን ልጅ ነበር" ብሎ ጀመረ።

"የትኛው ዮሃን?" አሉ ሊቀ ሙታን።

ቀልድ አይደለም። የድሮ ሰዎቻችን ወንዱን ሁሉ ዮሃን፣ ሴቷን ሁሉ ዮሃና ብለው ያስጠምቁና ቤት ውስጥ በሁለተኛው ስም ይጠሯቸው ነበር። የባለ ሥጋ ቤቱ ዮሃን ተፈልጎ ተፈልጎ የአሳማ እረኛ ሆኖ ተገኘ። በአንድ ሠርግ ላይ ደግሞ ሊቀ ሙታን መልካም ምኞት ሊገልጹ ተነሥተው፣ ሙሽሮቹ አምስት ቤት ቆጥረው እንደሚገናኙ አበሠሩ። የሙሽራዋ እናት ኬኩን ሳይቆርሱ ቢላውን አስቀመጡት።

የዘጠና አንድ ዓመቷ አክስቴ ዶራ ግን አንድ የቆየ ቁስል ነበራት። አያቷ ሚና ወደዚህ ሲመጡ የሦስት ዓመት ልጃቸውን ዶራን ወደብ ላይ ጥለው ተሳፈሩ ይባላል። ማስረጃውም አለ፤ በመርከቡ የተሳፋሪዎች ዝርዝር ላይ የልጅቷ ሙሉ ስም፣ ዶሮቴያ ተብሎ፣ ተጽፎ ተሰርዟል። ሚና ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ተንፍሰው አያውቁም። አክስቴ ስትወለድ ብቻ፣ "ዶራ በሏት" አሉ።

"የተጣለች ልጅ ስም ይዤ ልቀበር ነው" ትል ነበር አክስቴ።

አምና መኸር ላይ ሐኪሙ የበረዶውን ክረምት መዝለቋን ተጠራጠረ። ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ጋሼ ኦርቪል ዘንድ ሄድኩ።

"ጋሼ፣ ልጅቷ እዚያው አድጋ፣ አግብታ ወልዳለች ይበሏት። ማን ያጣራል?"

"እኔ አጣራለሁ" አሉኝ፤ በሩንም ዘጉት።

ሰባት ሳምንት ከሚና መንደር የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ጋር ተፋጠጡ። ከዚያ ዶሴያቸውን ይዘው አክስቴ አልጋ አጠገብ ቁጭ አሉ።

"አንተ ኦርቪል፣ ልትመዘግበኝ መጣህ?"

"ኧረ እትዬ ዶራ፣ ገና ነዎት።"

ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ዘረጉ። አንደኛው ያ የመርከብ ዝርዝር ነው።

"ሁላችንም ዶሮቴያ የምትባል ልጅ ስንፈልግ ኖርን፤ መዝገቡ ላይ የለችም። በኋላ ራሴን ጠየቅሁ፦ የትኛዋ ዮሃና?" ጣታቸውን ሁለተኛው ወረቀት ላይ አሳረፉ። "ዮሃና ዶሮቴያ፣ የሚና ልጅ። በኩፍኝ ሞታ ተቀበረች። ቀኑን ይዩት፤ መርከቡ ከመነሳቱ አሥራ ዘጠኝ ቀን በፊት ነው።"

"ታዲያ መርከቡ ላይ ስሟ ምን ይሠራል?"

"ቲኬቱ የተቆረጠው በገና ሰሞን ነዋ። ያኔ በሕይወት ነበረች።"

አክስቴ ማንበብ በማትችለው ጽሕፈት ላይ እጇን አኖረች።

"ጥላት አልሄደችም።"

"ቀብራት ነው የሄደችው።"

"ለምን አልነገረችንም ታዲያ?"

ጋሼ ኦርቪል መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠረጉ። ሳያስፈልግ ደግመው ጠረጉት።

"እሱ አልተጻፈም፣ እትዬ" አሉ።

አክስቴ ክረምቱን አለፈች፤ ያረፈችው በሚያዝያ ነው። ከቀብር መልስ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ድንች ሰላጣ እየበላን ሳለ፣ ወጣቱ ፓስተር ብድግ ብሎ፣ "እናታችን ዶራ ስሟን የወረሰችው ወደብ ላይ ከቀረችው ከዚያች ምስኪን ዶራ . . ." ብሎ ጀመረ።

አዳራሹ በሙሉ ወደ ጋሼ ኦርቪል ዞረ። እሳቸው አፋቸው ድንች ሞልቶ ነበር። ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ለካስ የተነሣሁት እኔ ነኝ።

"ይቅርታ፣ ፓስተር" አልኩ። "የትኛዋ ዶራ?"