ማዳጋስካር ምን ታውቃለች?

[ቤኒን ውስጥ፣ ሐይቅ ላይ። ሁለት ክትባት ሰጪዎች ውሃው መሃል በእንጨት ምሰሶ ላይ ወደ ተሠራ መንደር በታንኳ እየሄዱ ነው። ዶሱ ከሰሜን ተዛውሮ የመጣ ነው፤ ድምፅ ማጉያ አንግቷል። ሴናሚ ትቀዝፋለች። በዕድሜ ስለሚበልጣት «ፎፎ»፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ትለዋለች።]

ዶሱ፦ ደሴት ናት አልኩሽ እኮ። ማዳጋስካር ዙሪያዋን ባሕር ነው።

ሴናሚ፦ ዙሪያዋን ባሕር ከሆነ ስልኩ በየት በኩል ይገባል?

ዶሱ፦ በሰማይ ነዋ። ወይ አንቺ ልጅ።

ሴናሚ፦ እሺ። ቮላ በሰማይ በኩል መከረችኝ።

ዶሱ፦ ቮላ ደግሞ ማናት?

ሴናሚ፦ የማዳጋስካሯ ክትባት ሰጪ። በስልክ በምናደርገው ስብሰባ ላይ ከየአገሩ እንደኛው ያሉ ሰዎች ልምድ ይለዋወጣሉ።

ዶሱ፦ መለዋወጥ እኮ ሰጥቶ መቀበል ነው። አንቺ ምን ሰጠሽ?

ሴናሚ፦ ችግራችንን።

ዶሱ፦ [ግንባሩን ይዞ] ችግር ይሰጣል እንዴ?

ሴናሚ፦ ሌላ አልነበረኝማ፣ ፎፎ። «ኩፍኝ ማዶ መንደር ደርሷል፤ የኛዎቹ እናቶች ግን ታንኳችንን ሲያዩ ልጆቻቸውን ይዘው ይሸሻሉ» አልኳቸው።

ዶሱ፦ በአገር ፊት አዋረድሽኝ በይኛ።

ሴናሚ፦ በአገር ፊት አይደለም። በአሥራ ምናምን አገር ፊት ነው።

ዶሱ፦ እና ያቺ ሊቅ ምን አለች?

ሴናሚ፦ «ለምን እንደሚሸሹ ጠይቃችኋቸዋል?» አለች።

ዶሱ፦ [እየሳቀ] ይሄን ለማለት ነው ያን ሁሉ ባሕር የተሻገረችው? ምኑ ይጠየቃል? መርፌ ይፈራሉ፣ አለቀ።

ሴናሚ፦ እኔም ሞኝ ስለሆንኩ ሄጄ ጠየቅኋቸው።

ዶሱ፦ መርፌ ነው አሉሽ አይደል?

ሴናሚ፦ መርፌውንስ አልፈሩም። አንተን ነው።

ዶሱ፦ እኔን? በገዛ ቋንቋቸው እየለፈፍኩላቸው? በስንት መከራ ነው ያጠናሁት።

ሴናሚ፦ እስቲ የምትለውን በለው።

[ዶሱ ማጉያውን ወደ አፉ ያስጠጋል።]

ሴናሚ፦ ለኔ ብቻ፣ ቀስ ብለህ።

ዶሱ፦ [በሹክሹክታ] «እናቶች፣ ልጆቻችሁን አምጡ፤ በነፃ እንከትብላችኋለን።»

ሴናሚ፦ የመጨረሻዋ ቃል እኮ በሐይቁ ሰዎች አነጋገር ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው የምትባለው። አንተ ከፍ ታደርጋታለህ።

ዶሱ፦ እንድትሰማ ነዋ። ከፍ ስትልስ ምን ትሆናለች?

ሴናሚ፦ «እንጠብስላችኋለን።»

[ዶሱ ማጉያውን ታንኳው ወለል ላይ ያስቀምጠዋል።]

ዶሱ፦ ልጆቻችሁን አምጡ…

ሴናሚ፦ በነፃ እንጠብስላችኋለን።

ዶሱ፦ ታዲያ አንድ ሰው እንኳ አይነግረኝም?

ሴናሚ፦ ማን ደፍሮ ይጠጋሃል?

ዶሱ፦ አንቺስ? አጠገቤ ተቀምጠሽ ስትሰሚ አልከረምሽም?

ሴናሚ፦ ማጉያውን ጆሮዬ ሥር ነው የምትከፍተው። ጥጥ ወትፌ ነው የምቀዝፈው።

ዶሱ፦ በይ ታንኳውን መልሽው።

ሴናሚ፦ ወዴት? ትናንት ቤት ለቤት ዞሬ አስረድቻቸዋለሁ። እያቸው፣ ልጆቻቸውን ታቅፈው ደጃፍ ላይ ቆመዋል።

ዶሱ፦ እየሳቁብኝ ነው።

ሴናሚ፦ ይሳቁ። አልሸሹም።

ዶሱ፦ ያቺ ከፊት ያለችው ግን አትስቅም።

ሴናሚ፦ እሷማ ያመነችህ ብቸኛዋ ሴት ናት። «በነፃ እንጠብስላችኋለን» የምትለዋን ብቻ ሰምታ ባለፈው ወር ዓሣ በቅርጫት ሰጥታህ ነበር። ተጠብሶ እስኪመለስላት እየጠበቀች ነው።

ዶሱ፦ ስጦታ መስሎኝ በላሁት እኮ።

ሴናሚ፦ ሁሉንም?

ዶሱ፦ ከነጭንቅላቱ።

[ታንኳው ወደ ደጃፉ ይጠጋል። ሴትየዋ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች።]

ዶሱ፦ ሴናሚ፣ እህቴ፣ እስቲ ስልክሽን አቀብይኝ።

ሴናሚ፦ ማን ጋ ልትደውል?

ዶሱ፦ ቮላ ጋ። እንዲህ ያለ ነገር እሷም ላይ ደርሶ እንደሆነ ልጠይቃት።