«ታማኝ» ለማለት ዘጠኝ ቃል

ካርቱም ውስጥ አምስት ሐበሾች በተሰበሰቡበት ስፍራ ሁሉ አንድ እንግሊዝኛ ዐዋቂ አለ። ይህ ሰው አንድን ቃል በአንድ ትርጉም የሚያሰናብት እንዳይመስላችሁ። ጥርሱን የታመመ ሰው መንጋጋውን ይዞ እየጠበቀው፣ «ሕመም» የሚለውን ቃል አምስት አድርጎ ይመነዝርለታል። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ሰዋስው ያስተማርሁ ሰው ነኝና ቃል ያለ ቦታው ሲባክን ሳይ ደሜ ይፈላል።

የዚህ ወገን ሊቀ ሊቃውንት ክቡር አቶ ምንዳዬ ናቸው፤ በአል-ጣኢፍ ሰፈር የአንድ ቪላ ዘበኛ። (አንቱታው በጽሑፍ ብቻ ነው፤ ፊት ለፊት «አንተ» እላቸዋለሁ።) የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላታቸውን የገዙት ሱቅ ዐረቢ ከሚባለው ገበያ፣ ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ ነው። የመጨረሻ ገጾቹ ስለወደቁ የእሳቸው ዓለም በ«ደብልዩ» ታልቃለች። ዓርብ ዓርብ ብርቅነሽ ሻይ በምትሸጥበት ጥግ ይሰየማሉ፤ መጽሐፉን በጉልበታቸው ላይ አኑረው ጠያቂ ይጠብቃሉ። ጠያቂ ከጠፋ ራሳቸውን ይጠይቃሉ። ስድስት ቃል ከደረደሩ በኋላም ጣታቸውን ቀስረው፣ «ይኸ እንግዲህ አንደኛው ትርጉሙ ነው» ይላሉ።

አንድ ቀን ራሔል የልጇን የሳል ሽሮፕ ይዛ መጣች። ጠርሙሱ ላይ በእንግሊዝኛ «ሼክ» የሚል ተጽፏል።

«ሼክ ማለት መነቅነቅ ነው» አሉ ክቡርነታቸው። «መንዘፍዘፍ ነው። መርገፍገፍ ነው። መሬት ስትናወጥም ይባላል።»

«ታዲያ ልጁን ምን ላድርገው ጋሼ?»

«ልጁን ሳይሆን ጠርሙሱን ነው።»

«ስንት ማንኪያ ነው የምሰጠው?»

«እሱ ቁጥር ነው። እኔ ቃል ነኝ።»

የማንኪያውን ልክ ያነበብሁላት እኔ ነኝ፤ ምስጋናውን የወሰዱት ግን እሳቸው ናቸው። ይህን ሁሉ ችዬ ነበር። ያልቻልሁት የመሪማን ነገር ነው።

መሪማ የወሎ ልጅ ናት። ምንዳዬ ከሚጠብቁት በር ቀጥሎ ባለው ቤት አራት ዓመት ሠርታለች። አሠሪዎቿ በድንገት ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ካይሮ ሲሄዱ የምስክር ወረቀት እንኳ አልጻፉላትም። ከስድስት ዓመት ልጇ ከሬሕማ ጋር ሦስት ሳምንት በሰው ወለል ላይ ካደረች በኋላ፣ በአል-ማንሺያ ሰፈር የሚቀጥራት አንድ ቤት ተገኘ። እመቤቲቱ ዶክተር ኒዕማ ለንደን ኖረው የተመለሱ ሱዳናዊት ናቸው። ሠራተኛን ከነልጇ የሚያስገባ ቤት በዚህ ከተማ ከመቶ አንድ አይገኝም፤ እሳቸው ግን ፈቅደዋል። የጠየቁት፣ የሚያውቃት ሰው በእንግሊዝኛ ጽፎ እንዲመሰክርላት ብቻ ነው።

በሥራዋ የሚያውቋት ጎረቤቷ ምንዳዬ ነበሩና ሊጽፉ ተሰየሙ። «አንድ መስመር ይበቃል» አልኋቸው። «አራት ዓመት አውቃታለሁ፤ ታማኝ ናት። አለቀ።»

«መምህር፣ ታማኝ ባዶውን አይቆምም» አሉ ምንዳዬ መጽሐፉን እየገለጡ። «አጃቢ ይፈልጋል።»

የጻፉትን አየሁት። መሪማ «ኦነስት» ናት ይላል። ከዚያ «ትረስትወርዚ»፣ «ፌይዝፉል»፣ «ሎያል»፣ «ሪላየብል» እያለ እስከ ዘጠኝ ይወርዳል። ቃላት ዘመዳሞች ቢሆኑም መንትዮች አይደሉም፤ አንዱ ለማይዋሽ ሰው ይባላል፣ አንዱ ለንጉሡ ለሚሞት ወታደር፣ አንዱ ለማይበላሽ የውኃ ፓምፕ። ምንዳዬ አንዲትን ምስኪን እናት ወታደርም ፓምፕም አደረጓት። ደግሞስ ዘጠኝ ጊዜ መማል ማሩን በስኳር የበረዘ ነጋዴ ጠባይ አይደለምን? ይህንኑ ሳልሸሽግ ነገርኋቸው።

«ቀንተው ነው» አሏት ብርቅነሽን፣ እኔ እዚያ እንደሌለሁ ሁሉ።

መሪማ ወረቀቱን ይዛ ሄደች፤ በማግሥቱ፣ «የጻፈውን ሰው አምጪ ተብያለሁ» ብላ ተመለሰች። እኔ ዐረብኛ ማንበብም መናገርም ስለምችል፣ የተበላሸውን ላቃና ብዬ ከምንዳዬ ጋር አብሬ ሄድሁ። መሪማ ጓዟን ይዛ፣ ሬሕማም የእናቷን ቀሚስ ይዛ ተከተሉን።

ዶክተር ኒዕማ በሩ ላይ ቆመው ወረቀቱን እንደገና አነበቡ። «ያ ኡስታዝ» አሉኝ፣ ጸሐፊው እኔ መስያቸው። «ለንደን ሃያ ዓመት ስኖር እንዲህ ያለ ምስጋና ለማንም ሲጻፍ አላየሁም። እንዲህ የሆነችን ሠራተኛ ማን ይለቃል? የተደበቀ ነገር ቢኖር ነው።»

«ወላሂ የደበቅሁት የለም፣ ያ ዶክቶራ» አለች መሪማ፤ የልጇን እጅ ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

ወደ ምንዳዬ ዞርሁ። «ተመልከት» አልኋቸው በአማርኛ። «የዚችን ልጅ መኝታ በቃል ክምር ቀበርኸው። መጽሐፍ መሸከም ዕውቀት ከሆነ አህያም ሊቅ ናት።»



«ኸላስ፣ በቃ፣ ወረቀቱን ተዉት» አሉ ዶክተሯ። «ዳሚን አላት?»

ዳሚን ዋስ ነው። ሠራተኛዋ ብትጠፋ ወይም ከቤቱ ወርቅ ቢጎድል፣ ፖሊስ የሚያንኳኳው የዋሱን በር ነው። ነቢዩ የሚባለው ልብስ ሰፊያችን፣ ዋስ የሆነላት ልጅ ሳትናገር ወደ ሊቢያ ብትሄድበት ዐሥራ አንድ ቀን ታስሯል። ከዚያ ወዲህ «ዳሚን» ሲባል ከእኛ መካከል ጫማውን የማያይ ሰው የለም። እኔም ጫማዬን አየሁ። የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ፣ የሚታደሰው በቀጣዩ ወር ነበረ። መሪማ ታማኝ መሆኗን አልተጠራጠርሁም፤ እንዴት ተብሎ እንደሚጻፍም ከማንም በላይ አውቅ ነበር። ሆኖም ዓይኔን ከጫማዬ አላነሣሁም።

አቶ ምንዳዬ ከደረት ኪሳቸው ኢቃማቸውን አውጥተው ለዶክተሯ ዘረጉላቸው። አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ዶክተሯ ካርዱን አዩ፤ ሰውየውን አዩ፤ ወደ ቤት ገብተው የዋስትና ወረቀት ይዘው ተመለሱ። ምንዳዬ ግንቡ ላይ አስደግፈው ፈረሙ። ከፈረሙ በኋላ ወረቀቱን ወደ እኔ አቀረቡት።

«መምህር፣ ዐረብኛው ምን ይላል?»

«ሳታነብ ነው የፈረምኸው?»

«ማንበቡን ለርስዎ ተውሁት።»

ያላነበቡትን መፈረም ድንቁርና ነው እያልሁ ስንት ተማሪ ቀጥቻለሁ። እዚያው ፀሐይ ላይ ቆሜ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ መስመር በመስመር አነበብሁላቸው፤ ብትጠፋ ዋሱ ይጠየቃል፤ ዕቃ ቢጎድል ይጠየቃል፤ እስክትገኝ ከከተማ አይወጣም።

«እሱማ ይታወቃል» አሉ።

መሪማ ጓዟን አንሥታ ሬሕማን በሩን አሳለፈቻት።

ከምንዳዬ ፊርማ በታች ለሁለተኛ ዋስ የተተወ ባዶ መስመር ነበረ። እንድሞላው የጠየቀኝ ሰው የለም። ያን ቀን የተናደድሁትን ያህል በዕድሜዬ ተናድጄ አላውቅም፤ በምንዳዬ ይሁን በራሴ ለይቶ መናገር ግን እስከ ዛሬ ይቸግረኛል። ብዕሬን አውጥቼ ስሜን ከአባቴና ከአያቴ ስም ጋር ጻፍሁ። ጽሕፈቴ ግን አላማረም።