ከጥቁሩ ድንጋይ በታች

እኛ የማርቆስ ሰዎች ወደ ላይ ስናይ ዐዋቂዎች ነን። ከጮቄ በኩል ደመና ብቅ ሲል ዝናቡ ለእኛ ይሁን ለደምበጫ እንናገራለን፤ በየትኛው ንግሥ እንደሚያካፋ እናውቃለን፤ እንዲያውም ማን ገነት ማን ሲኦል እንደሚገባ መድበን የምናድር ሰዎች ነን። ወደ ታች ግን አትጠይቁን። ከእግራችን ሥር ስላለው ነገር የምናውቀው የመቃብር ያህል ጥልቀት ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን የሚያውቁት ቆፋሪዎቹ ናቸው።

ከዚያ ዘለግ አድርጎ የሚያውቅ ቢኖር የውሃ ጉድጓድ ያስቆፈረ ሰው ነው። የእሱም ዕውቀት ጥቁር ድንጋይ ላይ ሲደርስ ያልቃል። በሰፈራችን በየግቢው በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ አለ። ቀዩ አፈር ይታለፋል፣ ቀጥሎ ያለው ብስባሽ ድንጋይም ይታለፋል፣ ከዚያ ዶማው «ቋ» ይላል። «ጥቁር ድንጋይ ደረስን» ይባላል፤ የዓለም መጨረሻ ማለት ነው። ቆፋሪው ምሳውን በልቶ ይሄዳል። ያ ጉድጓድ ክረምት ሞልቶ ይፈስና ሚያዝያ ላይ እንቁራሪት እንኳ ጥላው ትሰደዳለች። ቧንቧው በፈረቃ ነው፤ ፈረቃውም እንደ ሩቅ ዘመድ ሲያሰኘው ብቅ የሚል ነው። «የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ብሎ የተረተው ሰው እኛ ሰፈር ሳያድር አልቀረም።

እንግዲህ በዚህ ሰፈር የጋሽ አስማረ ባለቤት እትዬ አንጓች የዕድራችን ውሃ ነበሩ። ላስረዳችሁ። ለቅሶ ሲደርስ ሴቶቹ ሥራ ይከፋፈላሉ፤ እንጀራ የዚች፣ ሽንኩርት የዚያች፣ ውሃ የአንጓች። ማንም አልመረጣቸው፣ ማንም አላወረዳቸው። ቧንቧ ሲጠፋ የማን ጉድጓድ እንዳልነጠፈ፣ የማን ውሻ እንደሚናከስ፣ ከቁልቁለቱ ግርጌ ያለው ምንጭ መቼ እንደሚጠራ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። በፊት በእንስራ፣ ኋላ በቢጫ ጀሪካን ወገባቸው እስኪጎብጥ ቀዱ። እኛም ጠጣን፣ ታጠብን፣ ከየት መጣ ብለን አልጠየቅንም።

ባለፈው መጋቢት እትዬ አንጓች ሞቱ። ከቀብር ተመልሰን በራቸው ላይ ለመታጠብ እጃችንን ዘርግተን ቆምን። ውሃ የለም። ማሰሮው ቢዘቀዘቅ፣ በርሜሉ ቢጋደም ጠብ የሚል ጠፋ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከመካከላቸው አንዷ እንደ ልማዷ፣ ሳታስበው፣ «አንጓችን ጥሯት እንጂ» አለች። እኔ የተዘረጋ እጄን የት እንደማስገባው ጠፋኝ። ጋሽ አስማረ ደጃፉ ላይ ነበሩ፤ ሰምተዋል።

በሳምንቱ ጋሽ አስማረ ለተዝካር የተቀመጠውን ገንዘብ የውሃ ጉድጓድ ላስቆፍርበት ነው አሉ። የዕድራችን ዳኛ አበዱ። «ሰው ምን ይላል? የሚስቱን ተዝካር ጉድጓድ ከተተው አይልም?» የነፍስ አባታቸው ግን ረጋ ያሉ ሰው ናቸውና ጥቂት አስበው፣ «ድሃ ከጠጣው ተዝካር ነው» አሉ። ከዚያ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ «ደረቅ ከሆነ ግን ያው ጉድጓድ ነው» ብለው ጨመሩ። ነገሩ ይኸው ነበር። ውሃ ካልወጣ እትዬ አንጓች ያለ ተዝካር መቅረታቸው ነው፤ ለጋሽ አስማረ ደግሞ ከዚህ የባሰ ሞት የለም።

ባለማሽኑ ስንታየሁ ይባላል። ማሽኑን በአይሱዙ ጭኖ መጣና ገና ሳይወርድ፣ «ጋሼ፣ እኔ የምሸጠው ጉድጓድ ነው፤ ውሃውን የሚሰጠው ሌላ ነው» አለ። ጋሽ አስማረ በጎልማሳነታቸው ስንት ጊዜ የለፉበትን ቀይ አፈር ማሽኑ ከቁርስ በፊት ጨረሰው። ያ የድሮ ጉድጓዳቸው ጥቁር ድንጋይ ደርሶ የቀረ ነው፤ አሁን የቆሻሻ መጣያ ሆኖ አጥሩ ሥር አለ። ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ሲደርስ ማሽኑ ይጮህ ጀመር፤ ሰፈሩ አመድ የተነሰነሰበት መሰለ። በማግስቱ ጥቁሩ ብናኝ ቆመና ከድንጋዩ በታች ቀይ አፈር ወጣ።

ከድንጋይ በታች አፈር! እኛ የዓለም መጨረሻ ያልነው ለካ ክዳን ኖሯል። ስንታየሁ በመዳፉ ዝቆ አሳየን። «ይሄ ድሮ ልክ እንደዚህ ግቢ ፀሐይና ዝናብ የሚያገኘው መሬት ነበር። የቀለጠ ድንጋይ መጥቶ ከላይ ተኛበት።» ቀጥሎ ግን ፊቱ ጠቆረ። ቀዩ አፈር ደረቅና የሚያጣብቅ ነው፤ መሰርሰሪያውን ይዞ ሊያስቀርበት ይችላል። «ብናቆም ይሻላል ጋሼ» አለ። ዳኛውም ፈጠን ብለው፣ «እውነቱን ነው፤ በተረፈችው ብር ትንሽ ጠላ እንኳ ይጠመቅላት» አሉ።

ጋሽ አስማረ አጥሩ ሥር ያለውን የቆሻሻ ጉድጓድ ብዙ ካዩ በኋላ፣ «አንድ ጊዜ አቁሜ አይቻለሁ» አሉ።

ስንታየሁ ወደ ማሽኑ ተመለሰ። ያን ቀን ስለቴን ለየትኛው ታቦት እንደተሳልኩ አልነግራችሁም። ቀዩ አፈር አለቀና ሌላ ጥቁር ድንጋይ መጣ፤ ይሄኛው ግን እንደ ዳቦ ልብ የተበሳሳ ነበር። ከሰዓት በኋላ ጭቃ ተፋ፣ ቀጥሎ ደፍራሽ፣ ቀጥሎ ጥርት ያለ ውሃ። ሴቶቹ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ሐዘን ቤት መሆኑ ትዝ ሲላቸው መልሰው ዋጡት።

ለጋሽ አስማረ በጣሳ ቀድተው ሰጧቸው። አልጠጡም። ከጉድጓዱ እስከ መኝታ ቤታቸው ያለውን በዓይናቸው ለኩት። «ከእግሯ ሥር ነው እኮ» አሉ። «በጨለማ ተነሥታ ጀሪካኗን ይዛ ስትወጣ በዚህ ላይ ነበር የምትረግጠው።» ስንታየሁ ሊያጽናናቸው፣ «ያኔ ይህ ማሽን የት ነበር፣ ጋሼ?» አለ። እውነቱን ነው። ጋሽ አስማረ ግን ስለ ማሽን እያሰቡ አልነበረም። «በሩ ሲከፈት እሰማ ነበር፤ አልጋዬ ላይ ሆኜ» አሉና አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ በእኛም ቤት በር ይከፈት ነበርና።

ተዝካሩ አልቀረም። በአርባው ሴቶቹ ጌሾውንና ብቅሉን ከየቤታቸው አምጥተው በዚያው ውሃ ጠላ ጠመቁ፤ ድሃውም በላ፣ ጠጣ። ዳኛው ሐሳቡን ከመጀመሪያው የደገፉ መሆናቸውን ያወሩ ጀመር፤ እኛም እንደ ባህላችን አላሳፈርናቸውም።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ለቅሶ መጣ። ሥራ ሲከፋፈል እንጀራው ለዚች፣ ሽንኩርቱ ለዚያች ተባለና ውሃው ላይ ሲደረስ የሚጠራ ስም ጠፋ። ጉድጓዱ አለ፤ እስከ ለቅሶ ቤቱ የሚያመላልሰው ግን ሰው ነው። በድንኳኑ ከወንዶች በኩል አንድ እጅ ተነሣ። በእኛ አገር ወንድ ቃሬዛ ይሸከማል፣ ሞፈር ይሸከማል፣ ውሃ ሲሸከም ግን አልታየም። ዳኛው ሳቅ እየተናነቃቸው፣ «አስማረ፣ በስተርጅና ውሃ ቀጂ ልትሆን?» አሉ።

ጋሽ አስማረ ከድንኳኑ ወጥተው፣ ጀሪካን ጭነው ደጅ ያቆሙትን የእጅ ጋሪ እየገፉ፣ «ዘግይቼ ነው የጀመርኩት» አሏቸው።